ስለ ዊንዶውስ 11 ቅሬታዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ወደ ዊንዶውስ 11 ተሸጋግረው ያልተደሰቱ፣ ለመሸጋገር የሚያመነቱና ኮምፒውተራቸው አልቀበልም ያላቸው ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ቀርበዋል፤ ቀኖቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ዊንዶውስ 11 መቼ ወጣ? ተጠቃሚው ይህን ያህል የተከፋውስ ለምንድን ነው?

ዊንዶውስ 11 ጁን 24 ቀን 2021 ይፋ ተደርጎ ኦክቶበር 5 ቀን 2021 ለሕዝብ ቀረበ። ቅሬታው በከፊል ከተሰጠው ተስፋ የመነጨ ነው። በ2015 ዊንዶውስ 10 ሊወጣ ሲል አንድ የማይክሮሶፍት ባልደረባ በኩባንያው ጉባኤ ላይ ዊንዶውስ 10 የመጨረሻው ዊንዶውስ እንደሆነ ተናግሮ ስለነበር፣ ብዙ ሰው ከዚያ ወዲህ በየጊዜው እየታደሰ የሚቀጥል አንድ ሥርዓተ ክወና እንጂ ከስድስት ዓመት በኋላ አዲስ መስፈርት ይዞ የሚመጣ ሌላ ስሪት አልጠበቀም።

የሚሰማው እሮሮ ሁሉ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። የለመዱት ነገር ቦታው በመቀየሩ የሚበሳጩ አሉ፤ ለእነሱ መፍትሔው ሴቲንግስ ውስጥ ገብቶ ማስተካከል ወይም መልመድ ነው። በአፕዴት ምክንያት የተበላሸባቸው አሉ፤ ለዚያ መፍትሔው አብዛኛውን ጊዜ ማስተካከያው እስኪመጣ መጠበቅ ነው። ምንም ያልጎደለው ኮምፒውተር ይዘው የተከለከሉት ግን መልመድም መጠበቅም አይረዳቸውም፤ በእኛ እምነት ከሁሉም ቅሬታ ሚዛን የሚደፋውም የእነሱ ነው።

ስታርት ሜኑው ከግራ ወደ መሃል ሄደብኝ፤ ወደ ቦታው መመለስ ይቻላል?

ይቻላል። ታስክባሩ (ከስክሪኑ ግርጌ ያለው አሞሌ) ላይ ቀኝ ክሊክ አድርገው «ታስክባር ሴቲንግስ» የሚለውን ይክፈቱ፤ ከዚያም «ታስክባር ቢሄቪየርስ» በሚለው ክፍል ውስጥ አሰላለፉን ከመሃል ወደ ግራ ይቀይሩ። በዊንዶውስ 10 ስታርት ሜኑ ላይ የነበሩት፣ የአየር ሁኔታና ዜና እያሳዩ የሚለዋወጡት አራት ማዕዘን ምስሎች ግን ሙሉ በሙሉ ስለተነሱ በየትኛውም ሴቲንግ አይመለሱም።

ታስክባሩ እንደ አዲስ ስለተጻፈ ለዓመታት የነበሩ ጠቃሚ ነገሮች ሳይካተቱ ቀርተው ነበር። ፋይልን እየጎተቱ ታስክባሩ ላይ ወዳለ ፕሮግራም መውሰድ የተመለሰው በ2022 ነው፤ የተከፈቱ መስኮቶችን ሳያጣምር እያንዳንዱን ከነስሙ ማሳየት ደግሞ እስከ 2023 አልተመለሰም። ቀኑን ሙሉ አምስት የኤክሴል ፋይል ከፍቶ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚመላለስ የሂሳብ ሠራተኛ በእነዚያ ሁለት ዓመታት የሚፈልገውን ፋይል ለማግኘት በመጀመሪያ የኤክሴልን ምልክት መንካት፣ ቀጥሎ ከሚወጡት ትንንሽ ምስሎች መካከል ስሙን ፈልጎ እንደገና መንካት ነበረበት። ይህን የልማድ ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ ማለፍ አይገባም፤ የሥራ ሰዓት የሚበላ ጉድለት ነበር።

ቀኝ ክሊክ ሳደርግ የማውቃቸው ምርጫዎች ጠፉ። የት ሄዱ?

አልጠፉም፤ «ሾው ሞር ኦፕሽንስ» ከሚለው ሥር ተደብቀዋል። በየጊዜው ያንን ላለመንካት ከፈለጉ የሺፍት ቁልፍን ተጭነው ይዘው ቀኝ ክሊክ ያድርጉ፤ የድሮው ዝርዝር በቀጥታ ይከፈታል። ኮፒ፣ ከት፣ ፔስትና ዲሊት በአዲሱ ዝርዝር ጫፍ ላይ ጽሑፍ አልባ ምልክት ሆነው ስለቀረቡ ብዙ ሰው የተወገዱ ይመስለዋል፤ በኋላ በወጡት ስሪቶች ግን ከምልክቶቹ ሥር ስማቸው ተጨምሯል።

አዲስ ዊንዶውስ በወጣ ቁጥር ሰው ያማርራል፤ ይህኛውስ በጊዜው አይረሳም?

እውነት ነው፣ ቅሬታው አዲስ አይደለም። ዊንዶውስ ኤክስፒ በኦክቶበር 2001 ከወጣ ከአምስት ዓመት በላይ ቆይቶ ጃንዋሪ 30 ቀን 2007 ለሕዝብ የቀረበው ቪስታ፣ የፕሪንተርና የግራፊክስ ድራይቨሮች (ዕቃዎቹን ከዊንዶውስ ጋር የሚያገናኙ ፕሮግራሞች) ሳይዘጋጁለት በመውጣቱ፣ በየደቂቃው ፈቃድ በመጠየቁና በወቅቱ ለነበሩት ኮምፒውተሮች ከባድ በመሆኑ ክፉኛ ተተችቷል። ዊንዶውስ 8 ደግሞ ኦክቶበር 26 ቀን 2012 የስታርት ቁልፍን አስወግዶ መጣ፤ በዓመቱ ዊንዶውስ 8.1 ቁልፉን መለሰ፤ ስታርት ሜኑው ራሱ የተመለሰው ግን በ2015 በዊንዶውስ 10 ነው።

ከእነዚህ የምንማረው ግን ሁሉም ነገር በጊዜው ይረሳል የሚለውን አይደለም። የቪስታ ችግር የተቃለለው ድራይቨሮቹ ስለተጻፉ፣ ኮምፒውተሮቹ ስለጠነከሩና በዚያው መሠረት ላይ የተገነባው ዊንዶውስ 7 በኦክቶበር 2009 ተስተካክሎ ስለወጣ ነው። የዊንዶውስ 8 ችግር የተፈታው ኩባንያው የተጠቃሚውን ድምፅ ሰምቶ ወደ ኋላ ስለተመለሰ ነው። ሰው ስላማረረ ነው የተስተካከለው። የዊንዶውስ 11 የታስክባር ጉድለቶችም በዚሁ መንገድ አንድ በአንድ እየተሞሉ መጥተዋል፤ የኮምፒውተር መስፈርቱ ግን ከወጣበት ቀን ጀምሮ አልላላም።

ኮምፒውተሬ ደህና እየሠራ መስፈርቱን አያሟላም የሚለኝ ለምንድን ነው?

በወረቀት ላይ የተቀመጠው መስፈርት ቀላል ይመስላል፦ ሁለት ኮር ያለው 1 ጊጋኸርዝ ባለ 64 ቢት ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻ፣ ሴኪዩር ቡት (ያልታመነ ፕሮግራም ኮምፒውተሩን እንዳያስነሳ የሚከለክል ጥበቃ) የሚችል ዩኢኤፍአይ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳ መሠረታዊ ፕሮግራም) እና ቲፒኤም 2.0 (ቀጥሎ ባለው ጥያቄ የተብራራ የደኅንነት ክፍል)። ብዙዎቹን የጣላቸው ከዚህ ጋር የወጣው የተፈቀዱ ፕሮሰሰሮች ዝርዝር ነው። ከጥቂት በስተቀር የኢንቴል ፕሮሰሰር 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ፣ የኤኤምዲ ደግሞ ራይዘን 2000 እና ከዚያ በላይ መሆን አለበት። የኢንቴል 8ኛ ትውልድ ለላፕቶፕ መውጣት የጀመረው በ2017 አጋማሽ ላይ ስለሆነ፣ በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ አዲስ ላፕቶፕ የገዛ ሰው ዊንዶውስ 11 ሲወጣ ገና አራት ዓመት ያገለገለ ዕቃ ይዞ ከዝርዝሩ ውጭ ሆነ።

ኩባንያው ያቀረበው ምክንያት ደኅንነትና አስተማማኝነት ነው። በኦገስት 2021 በሰጠው ማብራሪያ፣ በሙከራው ወቅት መስፈርቱን ያሟሉት 99.8 በመቶ ከብልሽት ነፃ እንደነበሩ፣ ባላሟሉት ላይ ግን በሥርዓቱ እምብርት የሚከሰት ብልሽት በ52 በመቶ እንደሚበልጥ ገልጿል። የደኅንነቱን ምክንያት ማጣጣል አይቻልም፤ አዲሶቹ ፕሮሰሰሮች የማስታወሻ ጥበቃን ያለ ብዙ ጫና የሚያስኬድ ክፍል አላቸው። ሆኖም በአማካይ የተሰላ ቁጥር ስለ አንድ የተወሰነ ላፕቶፕ ብቃት ብዙ አይናገርም። 16 ጊጋባይት ራምና ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) ያለው የ7ኛ ትውልድ ኮር አይ7 ተከልክሎ፣ 4 ጊጋባይት ራም ያለው አዲስ ርካሽ ላፕቶፕ ሲፈቀድለት ያየ ተጠቃሚ ፍርዱ ቢጎረብጠው ልክ ነው።

ቲፒኤም ምንድን ነው? ኮምፒውተሬ እንዳለውስ በምን አውቃለሁ?

ቲፒኤም የምስጠራ ቁልፎችን ከቀሪው ኮምፒውተር ለይቶ የሚይዝ የደኅንነት ክፍል ነው፤ አንዳንዴ ለብቻው የተሠራ ቺፕ ሆኖ ማዘርቦርዱ ላይ ይገኛል፣ አንዳንዴ ደግሞ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ይካተታል። መኖሩን ለማየት «ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ»ን ከፍተው «ዲቫይስ ሴኪዩሪቲ» ውስጥ ይግቡ፤ «ሴኪዩሪቲ ፕሮሰሰር» የሚል ክፍል ካለ ዝርዝሩን ሲከፍቱ ስሪቱ 1.2 ወይም 2.0 መሆኑን ይነግርዎታል።

ክፍሉ ካልታየ የለም ብለው አይደምድሙ። ማይክሮሶፍት ከጁላይ 2016 መጨረሻ ጀምሮ አምራቾች አዲስ ኮምፒውተሮችን ከቲፒኤም 2.0 ጋር እንዲያቀርቡ ሲያስገድድ ስለቆየ፣ ከዚያ ወዲህ በተሠሩት በብዙዎቹ ላይ አለ፤ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚሠራው የኮምፒውተሩ መሠረታዊ ፕሮግራም) ውስጥ ግን ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። በኢንቴል ማሽኖች ላይ ፒቲቲ፣ በኤኤምዲ ላይ ኤፍቲፒኤም በሚል ስም ያገኙታል። የዲስክ ምስጠራ በርቶ ከሆነ ባዮሱን ከመንካትዎ በፊት በዚህ ገጽ የመጨረሻ ላይ ያለውን መልስ ያንብቡ።

ያገለገለ ላፕቶፕ ልገዛ ነው፤ ዊንዶውስ 11 እንደሚቀበል ሱቁ ውስጥ ሆኜ እንዴት ላረጋግጥ?

«ዊንዶውስ 11 ተጭኖበታል» የሚለው የሻጭ ቃል በቂ ማረጋገጫ አይደለም፤ መስፈርቱን ተዘዋውሮ መጫን ስለሚቻል በማይደገፍ ማሽን ላይም ተጭኖ ሊያገኙት ይችላሉ። መታየት ያለበት የፕሮሰሰሩ ቁጥር ነው። «ሲስተም» ከዚያም «አባውት» የሚለውን ከፍተው፣ አይ3፣ አይ5 ወይም አይ7 ከሚለው ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ያንብቡ። አይ5-6300 ከሆነ 6ኛ ትውልድ፣ አይ5-7200 ከሆነ 7ኛ፣ አይ5-8250 ከሆነ 8ኛ ትውልድ ነው፤ አይ5-1035 ወይም አይ5-1135 ዓይነት ቁጥር ሲሆን ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ትውልዱን ስለሚያመለክቱ 10ኛና 11ኛ ናቸው።

በውጭ አገር ድርጅቶች አገልግለው ወደ ገበያ ከሚወጡት መካከል የኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ3 ባለ 6ኛ፣ ጂ4 በአብዛኛው ባለ 7ኛ ትውልድ ስለሆኑ መስፈርቱን አያሟሉም፤ ጂ5 በብዛት 8ኛ ትውልድ ነው፣ ግን ሁሉም አይደለም። የዴል ላቲቲዩድ 7480 እና 7490ም በመልክ እጅግ ይመሳሰላሉ፤ 7480 አያልፍም፣ 7490 በአብዛኛው ያልፋል። ክዳኑ ላይ የተለጠፈው ስም ስለማይበቃ ስክሪኑ ላይ ያለውን ቁጥር ሳያዩ ገንዘብ አይክፈሉ። መስፈርቱን የማያሟላ ላፕቶፕ መግዛት ስህተት ነው ማለታችን አይደለም፤ ዋጋው ግን ያንን ማንጸባረቅ ይኖርበታል።

ከጫንኩት በኋላ ኮምፒውተሬ ቀርፋፋ ሆነ። ምን ይሻላል?

የመጀመሪያዎቹን አንድ ሁለት ቀናት ታግሰው ይዩት፤ ሥርዓቱ ፋይሎችዎን እንደገና መዝግቦ እስኪጨርስና ቀሪ አፕዴቶችን እስኪያወርድ ድረስ ዲስኩም ፕሮሰሰሩም ሥራ ይበዛባቸዋል። ከዚያ በኋላም ካልተሻለው አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ያለው ከሁለቱ በአንዱ ነው፦ ወይ ራሙ 4 ጊጋባይት ብቻ ነው፣ ወይም ዲስኩ የድሮው ተሽከርካሪ ሃርድ ዲስክ ነው። 4 ጊጋባይት መስፈርቱን ያሟላል እንጂ ብራውዘርና ወርድ አንድ ላይ ከፍቶ ለሚሠራ ሰው አይበቃም፤ 8 ቢሆን ይሻላል። ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ መቀየር ግን በአነስተኛ ወጪ ትልቁን ለውጥ የሚያመጣ እርምጃ ነው።

«ቴምፐራሪ ፋይል አጽዳ»፣ «ኮምፒውተር አፍጥን» የሚሉ ነፃ ፕሮግራሞችን ግን አይጫኑ። ከመፍትሔነታቸው ይልቅ ሸክምነታቸው ያመዝናል።

ስጀምረው የግድ ኢንተርኔትና የማይክሮሶፍት አካውንት ይጠይቀኛል፤ ያለ እነሱ አይሆንም?

የሆም ስሪት ከመጀመሪያው አንስቶ፣ ፕሮ ደግሞ ለግል አገልግሎት ሲዘጋጅ ከ2022 ጀምሮ፣ በማስጀመሪያው ላይ ኢንተርኔትና አካውንት ይጠይቃሉ። ይህን ለማለፍ በሰፊው ይታወቁ የነበሩትን መንገዶች ኩባንያው በ2025 አንድ በአንድ መዝጋት ጀምሯል። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አካባቢ ላለ ሰው ይህ ተራ ቅሬታ አይደለም፤ የገዛውን ዕቃ መክፈት እንኳ የማያቋርጥ መስመር ማግኘትን ይጠይቀዋል፣ መስመሩ ሲመጣም አፕዴቱ የሞባይል ዳታውን ይሻማዋል።

በይፋ የተፈቀደው መንገድ በአካውንት ከፍቶ ከገቡ በኋላ መለወጥ ነው። «ሴቲንግስ»፣ «አካውንትስ»፣ «ዩር ኢንፎ» ውስጥ ገብተው ከኢንተርኔት ጋር ባልተያያዘ አካውንት መግባትን ይምረጡ፤ ፋይሎችዎ አይነኩም። ማስጀመሪያው ላይ የሚጠቀሙት አካውንት ግን የራስዎ ይሁን እንጂ የሻጩ ወይም የቴክኒሻኑ አይሁን።

አፕዴቱ ፓኬጄን ጨረሰው። መብራት ቢጠፋበትስ ኮምፒውተሩ ይበላሻል?

የዊንዶውስ 11 ሙሉ ፋይል ከ5 ጊጋባይት በላይ ነው፤ ወርኃዊ አፕዴቶቹም ቀላል አይደሉም። ከሞባይል ዳታ ወይም ከሆትስፖት ሲገናኙ የኔትወርኩን ባሕርይ ከፍተው «ሚተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን ያብሩት፤ ከዚያ በኋላ አብዛኛው አፕዴት ያለ ፈቃድዎ አይወርድም። አፕዴትን እስከ 5 ሳምንት ማቆየትም ይቻላል። በአንድ ቢሮ ወይም ትምህርት ቤት ውስጥ ብዙ ኮምፒውተሮች ካሉ «ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን» የሚለው ውስጥ በቤት ውስጥ ኔትወርክ ላይ ካሉ ኮምፒውተሮች መቀበልን ይፍቀዱ፤ አንዱ ያወረደውን ሌሎቹ ከእርሱ ስለሚወስዱ ያንኑ ፋይል ደጋግሞ ማውረድ በእጅጉ ይቀንሳል።

በመጫን ላይ ሳለ መብራት ቢጠፋ ዊንዶውስ አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን ሰርዞ ወደነበረበት ይመለሳል፤ ይሁንና ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) የሌለው ዴስክቶፕ ላይ ትልቁን የስሪት ለውጥ መብራት በሚመላለስበት ሰዓት አይጀምሩ። ከዊንዶውስ አፕዴት ይልቅ የሚያሰጋው የባዮስ አፕዴት ነው፤ እርሱ መሃል ላይ ከተቋረጠ ማሽኑ ጨርሶ ላይነሳ ይችላል።

የአማርኛ ሰነዶቼ ፊደላቸውና ገጻቸው ተዛባ። ጽሑፌ ጠፍቷል ማለት ነው?

ጽሑፉ አልጠፋም። የኒያላ ፎንት ከቪስታ ጀምሮ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ይመጣ ስለነበር በርካታ ሰነዶች በእርሱ ተጽፈዋል። ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ግን ኒያላ ሁሉም ኮምፒውተር ላይ በቀጥታ አይገኝም፤ ለብቻው በሚጫን ጥቅል ውስጥ ገብቷል። ኮምፒውተሩ ፎርማት ተደርጎ ዊንዶውስ 11 እንደ አዲስ ሲጫን ሰነዱ በኒያላ ፈንታ ኤብሪማ በሚባል ሌላ ፎንት ይከፈታል፤ የፊደላቱ ስፋት ስለሚለያይም መስመሮቹ ቦታ ይቀያይራሉ፣ በጠባብ ዓምድ የተሰደረ ሠንጠረዥ ይንሸራተታል፣ በልክ አሥር ገጽ የነበረው ማመልከቻ ወደ አሥራ አንደኛው ይተርፋል። «ሴቲንግስ»፣ «ሲስተም»፣ «ኦፕሽናል ፊቸርስ» ውስጥ ገብተው «ኢትዮፒክ ሰፕልመንታል ፎንትስ» የሚለውን ይጫኑ፤ ሰነዱን ዘግተው ሲከፍቱት ወደ ቀድሞ መልኩ ይመለሳል።

ሰነዱ ሲከፈት የሚታየው የላቲን ፊደላትና የምልክቶች ቅልቅል ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ያ ሰነድ የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ደረጃ) ውስጥ ከመካተቱ በፊት በነበረው አሠራር፣ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ አማርኛን በሚሥል ፎንት የተጻፈ ነው። የተጻፈበትን ፎንት መልሶ መጫን ያስነብበዋል፤ ዘላቂው መፍትሔ ወደ ዩኒኮድ መቀየር ነው። በዚህኛው ዊንዶውስ 11ን መውቀስ ተገቢ አይሆንም።

አልወደድኩትም፤ ወደ ዊንዶውስ 10 መመለስ እችላለሁ?

ከዊንዶውስ 10 በማሻሻል የመጡ ከሆነ 10 ቀን አለዎት። «ሴቲንግስ»፣ «ሲስተም»፣ «ሪከቨሪ» ውስጥ «ጎ ባክ» የሚለውን ይጫኑ፤ ፋይሎችዎ ይቆያሉ፣ ከማሻሻያው በኋላ የጫኗቸው ፕሮግራሞች ግን ይወገዳሉ። ይህ የሚሠራው የቀድሞው ዊንዶውስ የተቀመጠበት ፎልደር ካልተሰረዘ ብቻ ስለሆነ፣ በእነዚያ 10 ቀናት ውስጥ ቦታ ለማስለቀቅ ብለው ዲስክ አያጽዱ። ቀኑ ካለፈ ያለው ምርጫ ፋይሎችን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጦ ዊንዶውስ 10ን እንደ አዲስ መጫን ነው።

ዊንዶውስ 10 ላይ ብቆይ ምን ይደርስብኛል?

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ኮምፒውተሩ መሥራቱን አያቆምም፤ ከዚያ ቀን በኋላ የሚገኙ የደኅንነት ቀዳዳዎች ግን በነበረው መንገድ አይደፈኑም። የዊንዶውስ 10 የመጨረሻ ስሪት የሆነው 22ኤች2 ያላቸው ተጠቃሚዎች እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 የሚዘልቅ ተጨማሪ የደኅንነት አፕዴት እንዲያገኙ ዕድል ተሰጥቷል። ለዚህ የተቀመጡት መንገዶች 30 ዶላር መክፈል፣ 1000 የማይክሮሶፍት ሪዋርድስ ነጥብ መስጠት፣ ወይም ምንም ሳይከፍሉ የኮምፒውተሩን ሴቲንግ በማይክሮሶፍት አካውንት ባክአፕ ማድረግ ናቸው። በዓለም አቀፍ ካርድ መክፈል ለሚቸግረው ሰው ሦስተኛው መንገድ ምቹ ነው። በአውሮፓ የኢኮኖሚ ቀጣና አገሮች ለሚኖሩ ደግሞ ባክአፕ ሳያደርጉ በነፃ እንዲመዘገቡ ተፈቅዷል፤ አካውንት ግን ያስፈልጋቸዋል።

ከዚያ በኋላ ጉዳቱ የሚመጣው ቀስ በቀስ ነው። የዊንዶውስ 7 ድጋፍ በጃንዋሪ 2020 ቢቆምም ክሮም ብራውዘር እርሱን መደገፍ ያቆመው በ2023 መጀመሪያ ላይ ነበር። በባንክ ሂሳብ፣ በደመወዝ ወይም በደንበኞች መረጃ የሚሠራ ኮምፒውተር እስከዚያ መጠበቅ አይገባውም። ለጽሑፍና ለኢንተርኔት ብቻ የሚያገለግል አሮጌ ላፕቶፕ ካለዎት ሊኑክስ ሚንት የተባለውን ነፃ ሥርዓተ ክወና በፍላሽ ላይ አድርገው ሳይጭኑ መሞከር ይችላሉ፤ አማርኛም ይጻፍበታል፣ ለዊንዶውስ ብቻ የተሠሩ የሂሳብ ፕሮግራሞች ግን በቀጥታ አይሠሩበትም።

መስፈርቱን በማያሟላ ኮምፒውተር ላይ በዘዴ ቢጫንስ?

ይቻላል፤ ብዙ ቴክኒሻኖችም ያደርጉታል። ሩፈስ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም መጫኛ ፍላሽ ሲዘጋጅ የቲፒኤምና የሴኪዩር ቡት ፍተሻን ማስቀረት ይቻላል። ማይክሮሶፍት እንዲህ ያለ ኮምፒውተር አፕዴት የማግኘት መብት እንደሌለው ያስጠነቅቃል። በተግባር ወርኃዊ አፕዴቶች ሲደርሱ ቆይተዋል፤ በየዓመቱ የሚወጣው አዲስ ስሪት ግን ራሱ ስለማይመጣ በእጅ መጫን ያስፈልጋል። ያን ካላደረጉ ኮምፒውተሩ ያለበት ስሪት የሁለት ዓመት ዕድሜው ሲያበቃ ያለ ጥበቃ ይቀራል። በ2024 የወጣው የዊንዶውስ 11 ስሪት 24ኤች2 ደግሞ ሁሉም ፕሮሰሰር የማያውቃቸውን ትእዛዞች ስለሚጠቀም በጣም አሮጌ በሆኑት ላይ በምንም ዘዴ አይነሳም።

የእኛ ምክር እንደ አገልግሎቱ ይለያያል። የ6ኛ ወይም የ7ኛ ትውልድ የግል ላፕቶፕ ከሆነና ፋይሎቹ በሌላ ቦታ ከተቀመጡ፣ ያለ አፕዴት ከቀረ ዊንዶውስ 10 ይልቅ ይህ ይሻላል። የድርጅት ኮምፒውተር ላይ ግን አይመከርም፤ አንድ ቀን አፕዴቱ ቢቋረጥ ኃላፊነቱን የሚወስድ ማንም የለም።

ሪኮል የሚባለው ነገር የማደርገውን ሁሉ ፎቶ ያነሳል ይባላል፤ እውነት ነው?

ሪኮል ከስክሪኑ በየጊዜው ምስል እየወሰደ በኋላ በፍለጋ እንዲገኝ የሚያደርግ አገልግሎት ነው። በሜይ 2024 ሲተዋወቅ፣ የሚያጠራቅመው መረጃ በቀላሉ ሊነበብ በሚችል መልክ እንደሚቀመጥ የደኅንነት ባለሙያዎች ስላሳዩ ሳይለቀቅ ዘገየ፤ ከተጠቃሚው ፈቃድ ውጭ እንዳይበራ፣ መረጃውም እንዲመሰጠር ተደርጎ በኤፕሪል 2025 ተለቀቀ። የሚሠራው ልዩ የኤአይ ፕሮሰሰርና ቢያንስ 16 ጊጋባይት ራም ባላቸው ኮፓይለት ፕላስ በሚባሉ አዳዲስ ኮምፒውተሮች ላይ ብቻ ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ የያዘ ሰው በዚህ የሚጨነቅበት ምክንያት የለውም፤ አዲሱን የገዛና የሌሎችን ምስጢር የሚይዝ ጠበቃ፣ ሐኪም ወይም ጋዜጠኛ ግን እንዳያበራው አጥብቀን እንመክራለን።

ኮምፒውተሩን ስከፍት ሰማያዊ ስክሪን 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ጠየቀኝ፤ እኔ ግን ምንም አልቆለፍኩም። ፋይሎቼን እንዴት አገኛለሁ?

ይህ የዲስክ ምስጠራ ነው። ከ24ኤች2 ጀምሮ ዊንዶውስ 11 እንደ አዲስ ተጭኖ በማይክሮሶፍት አካውንት ሲከፈት፣ በሆም ስሪት ላይ ጭምር፣ ዲስኩ ራሱ ይመሰጠራል፤ መክፈቻው 48 አሃዝም በዚያው አካውንት ውስጥ ይቀመጣል። በአዘቦቱ ቀን ቲፒኤሙ ዲስኩን በዝምታ ስለሚከፍተው ባለቤቱ ምስጠራ መኖሩን እንኳ አያውቅም። ባዮስ ሲታደስ፣ ቲፒኤሙ ሲጠፋ ወይም ማዘርቦርድ ሲቀየር ግን ቁልፉ ይጠየቃል። ላፕቶፑ ሲሰረቅ መረጃዎን የሚጠብቅ ጥሩ ጥበቃ ነው፤ ጥፋቱ በግልጽ ሳይነገር መብራቱ ነው።

በሌላ ኮምፒውተር ወይም በስልክ ወደ ማይክሮሶፍት አካውንትዎ ገብተው በመሣሪያዎቹ ዝርዝር ሥር የሪከቨሪ ቁልፉን ይፈልጉ፤ ስክሪኑ ላይ የሚታየው መለያ ከቁልፉ መለያ ጋር መመሳሰሉን ያረጋግጡ። ላፕቶፑን ያስጀመረልዎ ሻጭ በራሱ አካውንት ከፍቶት ከሆነ ቁልፉ ያለው እርሱ ጋ ስለሆነ ማሽኑን ለማንም ከማስነካትዎ በፊት እርሱን ያነጋግሩ። ቁልፉ ከየትም ካልተገኘ ፋይሎቹን መመለስ የሚችል ቴክኒሻን የለም፤ ፎርማት ማድረግ ኮምፒውተሩን እንጂ ፋይሎቹን አይመልስም።

ይህ ያልደረሰብዎት ከሆነ «ሴቲንግስ»፣ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ»፣ «ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን» ከፍተው በርቶ እንደሆነ ይዩ። በርቶ ካገኙት ቁልፉን በወረቀት ጽፈው ወይም አትመው ከላፕቶፑ ቦርሳ ውጭ ያስቀምጡት፤ ቁልፉ በእጅዎ እንዲኖር ካልፈለጉ ደግሞ ምስጠራውን እዚያው ማጥፋት ይቻላል፤ እንደ ዲስኩ መጠን ሰዓታት ሊወስድ ስለሚችል ቻርጀሩ ተሰክቶ ይቆይ።